ጳጉሜ 16 ቀን የሆነችበት ሪፖርት

«አቦ ቶሎ ና፣ አንድ ጉድ ላሳይህ» ብላ ደወለችልኝ የሒሳብ ሠራተኛዋ። መስከረም 2017 ነው፣ ድሬዳዋ። ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ ቬንትሌተሩ ከላይ እየጮኸ ይዞራል። ኤክሴሏን ከፍታ ነው የጠበቀችኝ።

ፒቮት ቴብሉ (ቁጥሩን በዓመት፣ በወር እየደመረ የሚያሳየው ሰንጠረዥ) ላይ 2015ን ዘረጋች፣ ከዛ ጳጉሜን ዘረጋች።

«ቁጠር» አለችኝ።

ቆጠርኩ። ጳጉሜ 1 ሦስት ጊዜ አለች። ጳጉሜ 2ም ሦስት ጊዜ። ጳጉሜ 6 አንድ ጊዜ። ተደምሮ 16 ቀን። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ደግሞ 6 ትሆናለች። 2015 ሉቃስ ስለነበር 6 ልክ ነው። 16 ግን በየትኛውም ወንጌላዊ አይመጣም።

ድርጅቱን ስሙን አልጠራም። ዘይት፣ ፓስታ፣ ዱቄትና ሳሙና በጅምላ የሚያከፋፍል ቤት ነው። ዋናው መጋዘን እዚህ ድሬ ነው፣ ቅርንጫፍ ደግሞ ሐረር አለው። የሽያጭ ዳታው ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚባል ዳታቤዝ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ከሱ ላይ አናሊሲስ ሰርቪስስ በሚባል ፕሮግራም አንድ ኪዩብ ሠርቼላቸዋለሁ፣ ማለትም ሽያጩን በቀን፣ በወር፣ በዓመት፣ በቀበሌ ደምሮ የሚያስቀምጥ መዝገብ። ሦስት ዓመት ነው የያዘው፣ ከ2014 መስከረም እስከ 2016 ጳጉሜ። እነሱ ኪዩቡን አያዩትም፣ የሚያዩት ኤክሴል ብቻ ነው። ዓመት ይጎትታሉ፣ ወር ይጎትታሉ፣ ቀበሌ ይጎትታሉ፣ ቁጥሩ ይመጣል። በቃ።

ባለቤቱ ሐጂ ከኋላችን ቆሞ ነበር። (ድሬ ነውና ሁላችንም «አንተ» ነው የምንለው። «እርስዎ» ብዬ ብጠራው የተቆጣሁ ነው የሚመስለው።) አምና የሚለውን ዓመት አየና እንዲህ አለ፦

«2016 ላይ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚታየው። ሁለት ወር ብቻ ነው የሠራነው ማለት ነው? ታዲያ እኔ ደመወዝ የከፈልኩት የስንት ወር ነው?»

እውነቱን ነው። 2014 ሥር 4 ወር አለ፣ 2015 ሥር 7 ወር፣ 2016 ሥር 2 ወር። ተደምሮ 13። ሦስት ዓመት ማለት 39 ወር መሆን ነበረበት፣ ኪዩቡ ግን የአንድ ዓመት ወሮችን ለሦስት ዓመት አከፋፍሏቸዋል። ክፋቱ ደግሞ የሦስቱ ዓመት ጠቅላላ ሽያጭ እስከ ሳንቲሙ ልክ ነው። ከሽያጭ ሶፍትዌሩ ጋር አመሳከርኩት፣ አንድ ብር አልጎደለም። ለዚህ ነው ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም ያላየው። እኔ ራሴ ሁሌ የማየው የታችኛውን መስመር ነበር። ድምሩ ልክ ከሆነ ሁሉም ልክ ነው ብዬ።

ጥፋቱ የማን ነው? የኔ። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ኪዩቡን ስሠራ የቀን ዳይሜንሽኑን (ሽያጩ በቀን የሚከፋፈልበትን መዝገብ) ቀለል አድርጌ ነው የሠራሁት። አንድ ሰንጠረዥ አለ፣ 1096 መስመር፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ። ዓመቱ፣ የወሩ ቁጥር፣ የወሩ ስም፣ ቀኑ፣ ከጎኑ ደግሞ የፈረንጁ ቀን። የኛን ቀን በቁጥር ነው የማስቀምጠው፣ ለምሳሌ 20151306፣ ምክንያቱም የኤስኪውኤል የቀን ዓይነት 13ኛ ወር ስትሰጡት አይቀበልም። ከዛ ዳይሜንሽኑ ላይ «ወር» የሚል አትሪቢዩት (ሽያጩ የሚመደብበት አንድ መለያ) ፈጠርኩ። ቁልፉን የወሩን ስም አደረግኩት። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ስንፍና ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

አትሪቢዩት ሁለት ነገር አለው፣ ቁልፍና ስም። ስሙ ሰው የሚያየው ነው። ቁልፉ ደግሞ ኪዩቡ «ይሄና ያ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኝበት ነው። መጋላ ሰፈር መሀል ቆማችሁ «መሐመድ!» ብላችሁ ብትጣሩ ስንት ሰው ይዞራል? ስም ለመጥሪያ ነው። ኪዩቡ ግን ቁልፉ «መሐመድ» ነው ካላችሁት የዞሩትን ሁሉ አንድ ሰው አድርጎ ይመዘግባቸዋል፣ ዕዳቸውንም አንድ ላይ ይደምረዋል።

ታዲያ ስህተቱ ከመጀመሪያው ከነበረ ለምን መጀመሪያ ሠራ? ያኔ ወርና ዓመት እርስ በርስ አልተያያዙም ነበር። ሁለቱም በቀጥታ ቀን ላይ ነው የተንጠለጠሉት። ዓመትና ወር አንድ ላይ ሲጎተቱ ኪዩቡ ቀን በቀን ሄዶ «ይሄ ቀን ዓመቱ 2015 ነው፣ ወሩ መስከረም ነው» እያለ ይቆጥራል፣ ውጤቱም ልክ ይሆናል። ወርን ብቻውን ብትጎትቱት የሦስቱን ዓመት መስከረም ደምሮ ይሰጣችኋል እንጂ ሌላ ችግር አልነበረውም። በሽታው አለ፣ ምልክቱ ግን የለም።

ምልክቱን ያመጣሁት ላሻሽል ብዬ ነው። ኪዩቡን የምሠራበት ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ የዳይሜንሽኑ ሥር ሰማያዊ ጥምዝ መስመር ይወጣል፣ በአትሪቢዩቶቹ መሀል ሪሌሽንሺፕ (የቱ የቱን እንደሚወስን የሚያሳይ ቀስት) ሥራ ይላል። ልክ ነው፣ መሠራት አለበት። ቀን ወርን ይወስናል፣ ወር ዓመትን ይወስናል ብላችሁ ስትነግሩት የተደመሩ ውጤቶችን አስቀምጦ መልሶ ይጠቀምባቸዋል፣ ፍጥነትም ይመጣል። (በኛ ዳታ መጠን ልዩነቱ በዓይን አይታይም፣ ግን ያቺ ሰማያዊ መስመር ታናድዳለች።) አንድ ዓርብ ከሰዓት ቀስቶቹን ሠራሁ፣ ቀን ወደ ወር፣ ወር ወደ ዓመት። ፕሮሰስ አልኩ፣ ማለትም ከዳታቤዙ አንብበህ ሙላ።

ቀይ ወጣ። ቁልፉ ተደግሟል ይላል፣ ሰንጠረዡን ይጠራል፣ ኮለሙን ይጠራል፣ የተደገመው ዋጋ «መስከረም» ነው ይላል። አትሪቢዩቱ «ወር» ነው ይላል። ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ? ሁሉን ነገር በእጄ ሰጥቶኛል።

እኔ ምን አደረግኩ? ዳይሜንሽኑ ላይ ኤረር ኮንፊገሬሽን የሚባል አለ፣ ውስጡ ኪይ ዱፕሊኬት የሚል። እሱ «ሪፖርት ኤንድ ስቶፕ» ላይ ነበር፣ ማለትም ድግግሞሽ ስታገኝ ተናገርና ቁም። ወደ «ኢግኖር ኤረር» ቀየርኩት። አረንጓዴ መጣ። የዓርብ በርጫ ሰዓት ደርሶ ነበር፣ ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ። የደንበኛ ዳይሜንሽኑ ላይም እዛው እያለሁ ያንኑ አድርጌ ነበር፣ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አሁን ውስጡ የሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ዳይሜንሽን ፕሮሰስ ሲደረግ ለእያንዳንዱ አትሪቢዩት አንድ «ሴሌክት ዲስቲንክት»፣ ማለትም የተለያዩትን ብቻ ስጠኝ የሚል ጥያቄ፣ ወደ ዳታቤዙ ይሄዳል። ለወር ሲሄድ የወሩን ስምና ዓመቱን አብሮ ይጠይቃል፣ ወር ዓመትን ይወስናል ብዬዋለሁና። 39 መስመር ይመለስለታል። መስከረም 2014፣ መስከረም 2015፣ መስከረም 2016፣ እንዲህ እያለ። ቁልፉ ግን ስሙ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መስከረም ከነዓመቱ ይመዘግባል። ሁለተኛው ሲመጣ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ይጥለዋል። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ከዛ በኋላ መስከረም የአንድ ዓመት ብቻ ንብረት ነው፣ የሦስቱም ዓመት የመስከረም ቀናት እዛው ዓመት ሥር ይገባሉ። የትኛው ዓመት? ቀድሞ የመጣው። መስመሮቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጡ ደግሞ ዋስትና የለም። ለዚህ ነው 4፣ 7፣ 2 ሆነው የተበተኑት። ጳጉሜን 2015 ቀድሞ ያዛት። 5 ሲደመር 6 ሲደመር 5፣ 16።

ሽያጩ አልጠፋም፣ ቤት ነው የተሳሳተው። ድምሩ ልክ የሆነውም ለዚሁ ነው።

ወደ ጥገናው። መጀመሪያ «ኢግኖር ኤረር»ን መልሼ «ሪፖርት ኤንድ ስቶፕ» አደረግኩ። ከዛ የወር አትሪቢዩት ላይ ኪይ ኮለምስ የሚለውን ከፍቼ የወሩን ስም አወጣሁና ሁለት ኮለም አስገባሁ፣ ዓመትና የወር ቁጥር። አሁን ቁልፉ «2016 እና 1» ነው። ሁለት ኮለም ስታስገቡ ኔም ኮለም የሚለውን ራሳችሁ መሙላት ግድ ነው። ቁልፉ አንድ ሲሆን ስሙን ከሱ ይወስዳል፣ ሁለት ሲሆን ግን የቱን ላሳይ ይላል፣ አይሠራም። መጀመሪያ «መስከረም» የሚለውን ሰጠሁት። ዓመት ሥር ሲዘረጋ ያምራል፣ ፊልተር ላይ ሲቀመጥ ግን ሦስት መስከረም ተከታትለው ይመጣሉ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ቪው ላይ (ዳታቤዙ ውስጥ ኪዩቡ የሚያነበው የተዘጋጀ ጥያቄ ነው) «መስከረም 2016» የሚል ኮለም ሠርቼ እሱን ስም አደረግኩት።

ሐጂ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል። «የሦስቱን ዓመት መስከረም ጎን ለጎን አሳየኝ፣ በዓል ላይ ዘይት እንዴት እንደሚሄድ ማየት እፈልጋለሁ» ይላል። እሱ ሌላ አትሪቢዩት ነው። «የወር ስም» አልኩት፣ ቁልፉ ከ1 እስከ 13 ያለው ቁጥር ብቻ፣ ዓመት ላይ ያልተያያዘ። እዚህ ሦስቱ መስከረም አንድ መሆናቸው የሚፈለግ ነገር ነው። ኦርደር ባይ የሚለውን ደግሞ በቁልፉ አድርጉት። በስም ቢደረደር በሀ ሁ ተራ ሐምሌ ከሁሉም ቀድማ ትወጣለች።

አለቀ ብዬ ፕሮሰስ ሳደርግ የዕቅድ ሰንጠረዡ እምቢ አለ። ዕቅድ በቀን አይሰጥም፣ በወር ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ከኪዩቡ ጋር የተያያዘው በወር አትሪቢዩት ነበር። የወር ቁልፍ ሁለት ኮለም ሲሆን፣ ሰንጠረዥና ዳይሜንሽን በሚገናኙበት ዳይሜንሽን ዩሴጅ ላይ የዕቅድ ሰንጠረዡም ሁለቱንም ማገናኘት አለበት። ይቻላል፣ ግን ሰለቸኝ። ሁሉንም ትቼ ቪው ላይ ዓመቱን በ100 አባዝቼ የወሩን ቁጥር ደመርኩበት። 201601፣ 201602፣ እስከ 201613። አንድ ኢንቲጀር፣ ሙሉ ቁጥር። ቁልፉ እሱ ሆነ፣ ዕቅዱም በአንድ ኮለም ተያያዘ። የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ቪው መንካት ከቻላችሁ አንድ ቁጥር ሥሩ፣ ባለ ሁለት ኮለሙን ምንጩን መንካት ለማትችሉበት ቀን ተዉት።

ይሄ ቁጥር ያላሰብኩትን ጥቅም አመጣ። የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ የምትፈልገውም እሱን ነው። ሐምሌ 2015 በበጀት ዓመት ሲቆጠር 2016 ውስጥ ነው። አንዱን የወር አትሪቢዩት ለሁለቱም ዓመት አያያዝኩት። 201511፣ 201512፣ 201513፣ ከዛ 201601። በቁልፍ ሲደረደር ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜ፣ መስከረም ብሎ ራሱ ይሄዳል። ምንም ዘዴ አልጨመርኩም።

አሁን ደንበኛው። እዛም ዓርቡን ደንበኛ ወደ ቀበሌ፣ ቀበሌ ወደ ከተማ የሚል ቀስት ሠርቼ ስህተቱን ዝም አሰኝቼው ነበር። ዝም ያሰኘሁትን ስመልሰው ወዲያው ጮኸ። የተደገመው ዋጋ «02»። ድሬዳዋ ከተማው ላይ ያኔ 9 ቀበሌ ነበር፣ ከ01 እስከ 09። ሐረር በወረዳ ነው የሚሄደው፣ አቦከር፣ ሸንኮር፣ ሐኪም፣ አባድር፣ አሚር ኑር፣ ጂንኤላ እያለ፣ የደንበኛ ካርድ የሚሞላው ልጅ ግን የወረዳውን ስም ትቶ የቀበሌ ቁጥር ብቻ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ የሐረር 02 እና የድሬ 02 አንድ ሰፈር ሆኑ፣ ቀድሞ የተመዘገበውም የድሬው ነበር። የሐረሩ ቅርንጫፍ ኃላፊ ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ሽያጬን ድሬ በላብኝ» ሲል ከርሟል። ሰው እየቀለደ ነው ብሎ አልፎታል።

ቁልፉን ከተማና ቀበሌ አደረግኩት። ደግሞ ጮኸ! አሁን የተደገመው ዋጋ ባዶ ነው። ምንም የለም ይላል፣ ተደግሟል ይላል። ይሄኛው ትንሽ አስቸግሮኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቀበሌ ያልተሞላላቸው ደንበኞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዱ ላይ ነል ነው (ጭራሽ ምንም ያልተጻፈበት)፣ አንዳንዱ ላይ ልጁ ጽፎ ያጠፋው ባዶ ጽሑፍ ነው። ለዳታቤዙ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሁለት መስመር አድርጎ ይልካቸዋል። ኪዩቡ ጋ ሲደርስ ግን ነል ፕሮሰሲንግ የሚለው ካልተነካ ነሉን ወደ ባዶ ይቀይረዋል፣ ለቁጥር ከሆነ ወደ ዜሮ። ሁለት ባዶ ተገናኙ ማለት ነው። ቪው ላይ ሁለቱንም «ያልታወቀ» ወደሚል ቃል ቀየርኳቸውና ተገላገልኩ።

ስም ቁልፍ ሲሆን የተለያየውን አንድ ማድረጉን አያችሁ። ተቃራኒውንም ያደርጋል። ያው የደንበኛ ካርድ ላይ የሰፈር ስም አለ፣ አንዱ «ሳቢያን» ይጽፋል፣ ሌላው «ሣቢያን»። ለኛ አንድ ነው፣ አንብበን እናልፈዋለን። ለማሽኑ ሁለት ሰፈር ነው። ወሩን ራሱ አንዱ ኅዳር፣ አንዱ ህዳር ይለዋል። ፊደላችን እንዲህ ስለሆነ በአማርኛ ስም ቁልፍ ማድረግ ከሌላው ይብሳል ባይ ነኝ። ለሰፈሮቹ ቁጥር ያለው ትንሽ ሰንጠረዥ ሠራሁ፣ ልጁ አሁን ከዝርዝር ይመርጣል እንጂ አይጽፍም።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው ከሁሉም ያስቃል። ለሙከራ ዳታውን ላፕቶፔ ላይ ገልብጬው ነበር። እዛ ዳታቤዙ በድሮው የላቲን ኮሌሽን (ፊደላት እንዴት እንደሚወዳደሩ የሚወስነው ደንብ) ነው የተፈጠረው። የወሮችን ስም በዲስቲንክት ስጠይቀው አንድ መስመር ብቻ መለሰልኝ። አንድ! ገርሞኝ «ሰኔ ከጥር ጋር እኩል ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፣ አዎ አለኝ። የድሮዎቹ ኮሌሽኖች የግዕዝ ፊደላትን አያውቋቸውም፣ ክብደት አልሰጧቸውም፣ ስለዚህ ሲያወዳድሩ እንደሌሉ ይቆጥሯቸዋል። ከኤስኪውኤል ሰርቨር 2008 ጀምሮ የመጡት ስማቸው ላይ 100 ያለባቸው ኮሌሽኖች ይለያሉ፣ ፊደሉን በኮድ ቁጥሩ የሚያወዳድሩት ባይነሪዎቹም ይለያሉ። የድርጅቱ ሰርቨር ደግነቱ በ100ው ነበር። ባይሆን ኖሮ 13 ወር እንኳን አናገኝም ነበር።

ቁልፍ ሲቀየር ዳይሜንሽኑን ፕሮሰስ ፉል (ከባዶ እንደገና መሙላት) ማድረግ ግድ ነው፣ ያ ደግሞ ከሱ ጋር የተያያዙትን የሽያጭ ክፍሎች ሁሉ ባዶ ያደርጋቸዋል፣ እነሱንም እንደገና መሙላት አለባችሁ። ማታ አደረግኩት፣ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለይኩ። አልጠፋም።

ጠዋት ሒሳብ ሠራተኛዋ እንደገና ደወለች። «ፊልተሮቼ የት ሄዱ?» ኤክሴል የመረጣችሁትን ነገር የሚያስታውሰው በቁልፉ ነው እንጂ በስሙ አይደለም። ድሮ የመረጠችው መስከረም ቁልፉ «መስከረም» ነበር፣ አሁን 201601 ነው፣ የድሮው የለም። ስምንት ፋይል ቁጭ ብለን አንድ በአንድ መልሰን ሠራን። ሻይ በሷ፣ ሳምቡሳ በኔ። ይሄን ቀድሜ ብነግራት ኖሮ ምንም አልነበረም፣ ያልነገርኳት ስለረሳሁት ነው።

ከዛ ወዲህ ቀስት ከመሥራቴ በፊት አንድ ጥያቄ ለዳታቤዙ እልካለሁ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ፣ ቀስቱ የሚያመለክተው ነገር ስንት የተለያየ ዋጋ አለው? ከአንድ በላይ የሆነ አንድ መስመር እንኳን ከወጣ ወይ ቁልፉ ጎዶሎ ነው፣ ወይ ዳታው ቆሽሿል፣ ወይ ቀስቱ ራሱ ውሸት ነው።

ሦስተኛውን ባለፈው ሳምንት አገኘሁት። ሐጂ ጅቡቲ ካሉ ዕቃ ላኪዎች ጋር ሲነጋገር በፈረንጅ ወር ነው የሚያወራው፣ እሱንም ጨምርልኝ አለ። የኛን ወር ከፈረንጁ ወር ጋር ላያይዝ ፈልጌ ጥያቄውን ላክሁ፣ ለ201601 ሁለት ዋጋ መጣ፣ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር። መስከረም 2016 ሴፕቴምበር 12 ጀምሮ ኦክቶበር ላይ ነው የሚያልቀው፣ የኛ ወር የፈረንጁን አይወስንም። ቀስቱን ትቼ የፈረንጁን ወር በቀጥታ ቀን ላይ አንጠለጠልኩት፣ ቁልፉ 202109 ብሎ የሚጀምር ቁጥር። ፕሮሰስ አደረግኩ፣ ስንት ወር እንደወጣ ቆጠርኩ። 37።

«ሦስት ዓመት 36 ወር አይደል እንዴ? ደግሞ አበላሸኸው?» አለ ሐጂ።

ሴፕቴምበር 2021ን ከፈትኩለት፣ ከ11 ይጀምራል። ሴፕቴምበር 2024ን ከፈትኩ፣ 10 ላይ ያበቃል። አየና ሳቀ።

«ጳጉሜስ?» አለኝ። ከፈትኳት። 5፣ 6፣ 5።